ድንጋይ የገዛሁበት ዓመት

አባባ ዕድሜያቸውን ከጨረሱባቸው ሥራዎች አንዱ ድንጋይ መልቀም ነበር። ይታረሳል፣ ድንጋይ ይወጣል፤ ይለቀማል፣ ማሳው ዳር ይከመራል። በዓመቱ ደግሞ ይታረሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ታላቅ ወንድሜና እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ እራት ሳይቀርብ በፊት የምንገብረው ግብር ይኸው ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ሃያ ድንጋይ። ወንድሜ ሃያውን ቆጥረው ያስረክባሉ። እኔ አንዱን ትልቅ ከሌላው ጋር አጋጭቼ እሰብርና ሁለት ብዬ እቆጥራለሁ። ኋላ የሒሳብ ሠራተኛ የሆንኩት በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ክምሩ እስከ ዛሬ ከማሳው ራስጌ አለ፤ ሣር በቅሎበታል፣ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቅበታል። እኛ ቤት የአባባ ፎቶግራፍ የለም። ክምሩ ግን አለ።

ከዚህ ቤት የወጣሁት እኔ ነኝ እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ ጠጠር በአህያ አስጭኜ ወደዚያው ማሳ የገባሁት።

አህዮቹን የሚነዱት ልጆች ከወንዙ ጀምሮ እርስ በርስ ሲተያዩ መጥተዋል። አንደኛው አላስቻለውም።

«አባት፣ ቤት ሊሠሩ ነው?»

«የለም።»

«አጥር ነው?»

«የለም፤ ማሳው ላይ የሚበተን ነው።»

ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ወደ ጓደኛው ዞሮ በሹክሹክታ የተናገረውን በሙሉ ባልሰማም «ጸበል» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ገብታለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ወሬ ነበር። ፈረንሳይ አገር የምትኖረው ልጄ በሰው እጅ አንዲት የጨርቅ ከረጢት ላከችልኝ፤ እፍኝ የማትሞላ፣ አፏ በሪባን የታሰረ። ውስጧ የደረቀ ሐምራዊ አበባ አለ። ላቬንደር ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ብል ያባርራል አለችኝ። ወዲያው በስልኬ ፎቶግራፍ ገባ። ቫለንሶል የሚባል አምባ፣ በሐምሌ ወር፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ሐምራዊ ትልም። እሷ መሐሉ ቆማ ትስቃለች። «አባዬ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ዜና ከምትጠብቅ ይህን ለምን አትተክልም? የአያቴ አገር እኮ ሜዳ ነው» የሚል መልእክት ተከተለ።

የልጄን ፊት ለማየት ፎቶግራፉን ሳጎላው ዓይኔ ጫማዋ ላይ አረፈ። ከጫማዋ ሥር፣ በተክሉ ግራና ቀኝ፣ እስከ ትልሙ ጫፍ ድረስ ድንጋይ ነው። ቡጢ ቡጢ የሚያህል ድቡልቡል ድንጋይ። የለቀመው ሰው የለም። የፈረንሳይ ገበሬ ሰነፍ ነው ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን ትንሽ ባስብበት ኖሮ ስንት ነገር ይቀርልኝ ነበር!

ጅሩን ለማያውቅ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ እነዋሪ በምትባለው ከተማ ዙሪያ የተዘረጋ ደጋማ ሜዳ ነው። በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ከብት ተራ ላይ «የጅሩ ሰንጋ» ተብሎ ዋጋው የሚያስደነግጠው በሬ የዚያ አገር ልጅ ነው። መሬቱም በሬውን ይመስላል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ኩሩ። ዋልካ እንለዋለን፤ መረሬ የሚለውም አለ። የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል፤ በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን፣ ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው ደጋው ላይ እንደሆነ ይጽፋሉ። ስንዴ ይሰጣል፣ ጤፍ ይሰጣል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጓያ ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ አይሰጥም፤ የጠጣውን ውኃ። ውኃን እንደ ቂም ይይዛል።

ላቬንደር ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አጥብቆ የሚጠላው ነገር ቢኖር እግሩ ሲርስ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

መሬቱ የታላቅ ወንድሜ፣ የጋሼ ነው፤ የይዞታ ደብተሩም እሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ የካቲት 2010 ላይ ከረጢቷን ይዤ ደጅ ጠናሁ። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ጋሼ ፊት ስደርስ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነኝ። ከረጢቷን ተቀብለው አሸተቱ።

«ይሄማ ሳሙና ነው» አሉ።

እንዲያው በደመ ነፍስ የተናገሩት ቢሆንም የራቀ አልነበረም፤ የተክሉ ስም መታጠብ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው ይባላል። ባለቤታቸው እትዬ ግን ማሽተት ብቻ አልበቃቸውም። አንዲት አበባ አውጥተው በመዳፋቸው አሹ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ፣ ትንሽ ቆዩ።

«የጦስኝ ዘመድ ነው። ሽታው ይለያል እንጂ አፍንጫን የሚይዝበት ቦታ አንድ ነው።»

ይህን የተናገሩት ሴት ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እኔ በኋላ መጽሐፍ ገልጬ አየሁ፤ ላቬንደር፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ዳማከሴና የጥብስ ቅጠል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

«ስንት መሬት ነው የምትፈልገው?» አሉ ጋሼ።

«ሩብ ጥማድ ብትሰጡኝ...»

አንድ ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በሄክታር ሩብ ገደማ። ሩቡ እንግዲህ ከ600 ካሬ ሜትር ብዙ አይርቅም።

«ሩብ ጥማድ? ለበሶብላ?»

ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ከድንጋዩ ክምር ሥር ያለችውን ዘቅዘቅ ያለች ጥግ ሰጡኝ፤ ርዝመቷ 20 ሜትር፣ ወርዷ 5 ሜትር አይሞላም። እሳቸው የማትረባዋን መርጠው መስጠታቸው ነበር። ሳያውቁት ከማሳው ሁሉ የተሻለችውን ሰጡኝ፤ ዘቅዛቃ መሆኗ ውኃ ያወርዳል፣ ዛፍ ስለማያጠላባት ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አይለያትም። ውርጩም ቢሆን ለላቬንደር አያስፈራም፤ ከዚያ የባሰ ብርድ ለምዷል።

መጽሐፉ መጀመሪያ መሬቱን ፈትን ይላል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍር፣ ውኃ ሙላበት፤ ሲጠፋ እንደገና ሙላና በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ለካ፤ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከወረደ ደህና ነው። ቆፈርኩ። ሁለት ባልዲ አፈሰስኩ። መሬቱ ውኃውን እንደ ሰው ግጥም አደረገውና ድራሹ ጠፋ። ሦስተኛ ባልዲ፤ ድራሹ ጠፋ። ሰዓቴን ለማየት እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ለልጄ ደወልኩ፤ ፈረንሳይን በልጠናል አልኳት።

ጋሼ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መሬቱ እኮ ጠምቶት ነው። የጠማው ሰው ሲጠጣ አይተህ ሆዱ ቀዳዳ ነው ትላለህ?»

የካቲት ላይ ዋልካ መሬት ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ የሰው ክንድ እስከ ክርን ያስገባል። እኔ የለካሁት አፈሩን ሳይሆን ቀዳዳውን ነበር። ጋሼ ክረምት ተመለስ አሉኝ፤ ሐምሌ ላይ ተመለስኩ። ዝናቡ ሲመጣ ያ ጭቃ እንደ ሊጥ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ገጥሞታል። ጉድጓዴ እስከ አፉ ሞልቷል። አንድ ቀን አደርኩ፤ ሙሉ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጓጉንቸር ገብታ፣ ዓይኗን ብቻ አውጥታ፣ ቤቷ የመጣ እንግዳ አስመስላ ታየኛለች።

«ኪራይ ጠይቃት» አሉ ጋሼ።

ሰው በዚህ ጊዜ ይተዋል። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይገጥም ሒሳብ ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልተውኩም። ተቀምጬ አነበብኩ። ላቬንደር የሜዲትራኒያን ተራራ ልጅ ነው፤ የተወለደው ድንጋይ በበዛበት፣ ኖራማ በሆነ ገደል ላይ ነው። የዚያ አገር ዝናብ የሚመጣው ተክሉ በብርድ አንቀላፍቶ ሳለ ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። የእኛ ሰማይ ደግሞ የዓመቱን ቀለብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይዘረግፈዋል። ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አየር ያጣል፣ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፤ ላዩ ሲጠወልግ የጠማው መስሎህ ውኃ ስትጨምርለት ቀብሩን ታፋጥናለህ። መድኃኒቱም ሁለት ነው፤ አፈሩን ማላላትና ከፍ አድርጎ መትከል።

ከዚያ በፊት ግን አፈሩ አሲዳም መሆን አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ላቬንደር የሚወደው ከ6.5 እስከ 7.5 ያለውን ፒኤች ነው። እንደ ታዘዘው በማሳው ላይ እየተጠማዘዝኩ ሄጄ፣ ከአሥር ቦታ ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስጄ፣ ባልዲ ውስጥ ደባልቄ፣ አንድ ኪሎ ያህሉን በፌስታል ቋጥሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ፌስታሉን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው፣ ፋዘር?»

«አፈር።»

«የት የሚሄድ?»

«አዲስ አበባ፤ ላስመረምረው ነው።»

«ታሞ?»

እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አውቶቡሱ በሙሉ የኔን አፈር ሲያስታምም ሄደ። አንዲት እናት «እግዜር ይማርልህ» ብለውኛል፤ የቀልድም አልመሰለኝም። ውጤቱ 7.1 ሆነ። ድርቅ ብዬ ቀረሁ፤ ምክንያቱም የቀይ አፈር አገር ሰዎች ስለ አሲድ ሲያማርሩ ሰምቼ አስቀድሜ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ ከረጢት ኖራ ገዝቼ ነበር። በእሱ እትዬ ለፋሲካ ቤቱን ቀቡበት። ቤቱ ከሩቅ ያበራል። ከዚህ ሁሉ ፕሮጀክት እስከ ዛሬ ያለ ጭቅጭቅ የተሳካው እሱ ብቻ ነው።

አፈሩን ለማላላት መጀመሪያ የመጣልኝ አሸዋ ነበር። ጭቃ ይይዛል፣ አሸዋ ይለቃል፣ ቢደባለቁ ይታረቃሉ አልኩ። ጥቅምት ላይ በአንዱ ጥግ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የምትሆን ቦታ ቀላቅዬ ሞከርኩ። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ዶማ አነሣሁ፤ ዶማው ነጠረ። እንደገና መታሁት፤ ብልጭታ አየሁ ብል ይጋነናል፣ ድምፁ ግን የድንጋይ ነበር። ትንሽ አሸዋና ብዙ ጭቃ አንድ ላይ ሲሆኑ ጭቃው በአሸዋው መሐል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ይሞላና ጡብ ይሆናል። ጋሼ በእግራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ጭድ ብትጨምርበት እኮ ቤት ይመረግበት ነበር።»

የሚያስፈልገው ጠጠር ነው። ከሕንፃ ሥራ ጋር የተዋወቀ ሰው «ዜሮ ሁለት» የሚለውን ያህል፤ በእሱ መሐል ውኃ መውረጃ ያገኛል። እዚህ ላይ ነው የልጄን ጫማና የፈረንሳዩን ሰነፍ ገበሬ ያስታወስኩት።

በእጄ ያለ ሀብት ስለመሰለኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት የአባባን ክምር ነበር። ፈልጦ፣ ሰባብሮ መበተን ነው አልኩ። ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሲናደዱ አይጮኹም፤ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«አባባ የለቀሙትን እኔ መልሼ ልዝራው?»

ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጨመርኩም። እንዲህ ሆኖ ነው 12 አህዮች ከወንዙ ዳር ስምንት ጊዜ የተመላለሱት። ለእያንዳንዱ ጭነት ስከፍል ጋሼ በረንዳው ላይ ሆነው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። በስምንተኛው ዙር ላይ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻሉም።

ሰፈሩ በሳምንት ውስጥ ሰማ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የማላውቃቸው ሰዎች ቆም ብለው ሰላም ይሉኛል፤ በጣም በጥሞና ነው፤ ትኩሳቴን በዓይን የሚለኩ ይመስላሉ። አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ገለል አድርገውኝ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ምን ደረሰብህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ዋልካ ሲደርቅ ብረት ነው፣ ሲርስ ሙጫ ነው። በሁለቱ መሐል ለማረሻ የሚመች ጥቂት ቀን አለው፤ እነሱን ያወቀ ገበሬ ነው፣ ያላወቀ ጡረተኛ ነው። ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ሁለት ቀን ጣል አድርጎ ተወ፤ ሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋሼ ተጠርተው ሳይሆን ራሳቸው በሬዎቹን ጠምደው መጡ። ጠጠሩ መደብ በሚወጣበት መስመር ላይ አራት ጣት ያህል ተነጥፏል። ጋሼ እርፉን ጨብጠው፣ አማትበው፣ «ሃ!» አሉ።

ማረሻው ገባ። «ቅርጥጥ!» አለ።

በሬዎቹ ቆሙ። ጋሼም ቆሙ። ያ ድምፅ ለእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ለእሳቸው ግን ወገል የሚያወልቅ፣ ማረሻ የሚያዶለዱም፣ ባለ ብረት ቤት የሚያመላልስ ድምፅ ነው። ወደ ክምሩ ዞረው አዩ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«አባባ ይህን ድምፅ ለማጥፋት ነው የሞቱት።»

ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ሲሠሩ እንደ ቀልድ አልሠሩም። ገመሱ። በሳምንቱ ተሻግረው አየሙ። እንደገና አሰለሱ፤ ልክ ለጤፍ እንደሚያለሰልሱት። የዕዳ ቢሆን እንኳ ጋሼ ግማሽ እርሻ አያውቁም።

ስለ ሰርዶ ብዙ አልልም፤ ያየ ያውቀዋል። ላቬንደር አንዴ ከተተከለ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እዚያው ይቆማል፤ ስለዚህ ሰርዶንና እንግጫን አስቀድመህ ካልነቀልክ ኋላ ከሥሩ ተጠላልፎ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ቁራጭ ሥር ከቀረች ሠራዊት ትሆናለች። ሦስት ሳምንት በጉልበቴ ተንበርክኬ ለቀምኩ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ የራስ ወዳድነት ምሳሌ አድርጌ ነበር የምረዳው። ያን ሰሞን ግን ከ12ቱ አህዮች አንዷ እንዲህ ብላልኝ ብትሞት እንኳ ቅር አይለኝም ነበር።

አሁን መደቡ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መጽሐፌን ዘግቼ ተማሪ የሆንኩት እዚህ ነው።

የእነዋሪ አካባቢ ሰው የዋልካን ውኃ ለማውረድ መሬቱን ከድሮ ጀምሮ መደብ መደብ አድርጎ በእጁ ያወጣዋል። የሚያወጡትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከታረሰ በኋላ በሰልፍ ይቀመጡና ከትልሙ አፈሩን በሁለት እጃቸው እየዛቁ ወደ ላይ ያነሡታል፤ ዝቅ ያለው ቦይ ይሆናል፣ ከፍ ያለው መደብ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢልካ የሚሉት፣ ባለሙያዎቹ ይህንኑ ሥራ ለበሬ የሚያስረክብ መሣሪያ አበጁ፤ ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ተጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ገበሬው ቢቢኤም ይለዋል። ጋሼም አላቸው፤ ነገር ግን «ጠጠር ላይ አላወርደውም» ብለው ሰቅለውታል።

ስለዚህ እትዬ ወረዱ። ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ሜትርና ሲባጎ ይዣለሁ። መጽሐፌ ከረድፍ እስከ ረድፍ 120 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ ልለካላቸው ስል «ተወው» አሉኝ። እጃቸው አፈሩ ውስጥ ገባ። ዘቅዘቅ ብሎ፣ ጣት ተከፍቶ፣ ከሥር ዛቅ፤ ወደ ላይ፤ በመዳፍ ጀርባ መታ። ዛቅ፣ ወደ ላይ፣ መታ። በመሐል ጠጠር ሲያገኙ አያወጡትም፤ በአውራ ጣታቸው ወደ መሐል ገፋ ያደርጉታል፤ ፀጉር ሲሠሩ የምታመልጥ ዘለላን እንደሚመልሱት። ለካ አንዳንድ አገር ይህን ሥራ «ሹሩቤ» የሚሉት ወደው አይደለም። መሬቱን ሹሩባ እየሠሩት ነበር።

አንዱን መደብ ሲጨርሱ በድብቅ ለካሁት። መደብ 82፣ ቦይ 39። ጠቅላላ 121። አንዷን ሳንቲ ሜትር ለመንግሥት ተውኩለት።

አራቱም መደብ በሁለት ቀን ቆመ፤ ከፍታው ከስንዝር በላይ። ቦዮቹ ሁሉ ወደ ዘቅዛቃው አፋቸውን ከፍተው ወደ ማሳው ፈሰስ ይገባሉ። መትከል አልቸኮልኩም፤ አንድ ክረምት ራሳቸውን ችለው ይቁሙ፣ ይረፉ፣ ውኃው ይፈትናቸው አልኩ። ጋሼ ግን ባዶ መሬት ማየት አይሆንላቸውም።

አንድ ጠዋት ስነሣ መደቦቼ ጥቁር ለብሰዋል። ከዳር እስከ ዳር ፍግ ነው፤ የበሰለ፣ እንደ ዱቄት የሚፈረፈር፣ ሽታው እንኳ የጠፋለት። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«የወንድሜ መሬት ሲርበው ዝም ብዬ ልይ?»

ይህን የሚረዳ የጅሩን ምድጃ የሚያውቅ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። ከበረት የወጣው ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ክረምቱን ሙሉ ወጥ የሚሠራበት እሱ ነው። ፍግ ለማሳ መስጠት እራትን ቀንሶ ለመሬት ማጉረስ ነው። ጋሼ ለስንዴያቸው ያልሰጡትን ለእኔ «ሳሙና» ሰጡት።

ላቬንደር ደግሞ ጥጋብ አይችልም። ፍግ ሲበዛለት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይልፈሰፈሳል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ከዚያ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይወድቃል። ደሃ መሬት ላይ የበቀለ ተክል ነው፤ ሲያጣ ይሸታል። አንድ ሰው የሰጠህን እራት «ለጤናዬ አይስማማኝም» የምትልበት አማርኛ አለ? እኔ አላገኘሁትም። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ።

ሰኔ 12 ቀን፣ ሚካኤል፣ ጋሼ ማኅበር ሄዱ። እኔ ሰውነቴን ሁሉ እያሸማቀቀኝ በጆንያ መጥረግ ጀመርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለውን ተረት ገልብጬ ኖርኩት፤ ላም ውላለች፣ ኩበቱም ሞልቷል፣ እኔ ግን በበዓል ቀን፣ በስርቆሽ፣ ከገዛ መሬቴ ላይ እያነሣሁ ነው። ሦስተኛውን ጆንያ ተሸክሜ ስዞር እትዬ ጓሮው በር ላይ ቆመዋል።

አየኋቸው። አዩኝ። ጆንያውን አዩ።

«እዚህ አፍስሰው» አሉ፣ ወደ ጎመናቸው እያሳዩ። «ሚካኤል ይቅር ይበልህ። ጎመኑ ግን ደስ ይለዋል።»

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ እንጀራው ላይ የቀረበው ጎመን ቅጠሉ ወፍራም፣ አረንጓዴው ጥቁር የሚመስል ነበር። ጋሼ ሁለት ጊዜ ጎረሱና አላመጡ።

«የዘንድሮ ጎመን ምን በልቶ ነው?»

እትዬ ወደ እኔ አላዩም። ይህንን ውለታ እስከ ዛሬ አልከፈልኩም።

በዚያው ክረምት የሐምሌን ዝናብ መደቦቹ ቆመው አሳለፉት። በሌሊት በባትሪ እየወጣሁ አያለሁ። ቦዮቹ ውስጥ ውኃው ቡና መስሎ ይሮጣል፤ መደቦቹ ጀርባቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው እንደ አራት የተኙ በሬዎች ጋደም ብለዋል። የቀድሞው ጉድጓዴ አጠገብ ዞር ብዬ አየሁ፤ ጓጉንቸሯ ተመልሳለች። እዚያ ተስማምቷታል፤ ተውኳት።

መስከረም 2012 ማለቂያ ላይ 130 ችግኝ ይዤ መጣሁ። የገዛሁበትን ችግኝ ጣቢያ ስም አልጠራም። እትዬ ትሪ ሙሉውን ተቀብለው አንድ በአንድ ቅጠሉን ቆንጠር እያደረጉ ያሸታሉ፤ ለሕፃን ስም የሚያወጡ ይመስል። ጥቂት ሄደው አንዱን ለብቻ አስቀመጡ። ደግሞ አንድ። ደግሞ አንድ።

«ምነው እትዬ?»

«ወንድምዓለም፣ ይሄ የጥብስ ቅጠል ነው።»

አይሆንም አልኩ። መነጽሬን አድርጌ አስተያየሁ። የላቬንደሩ ቅጠል ከላይም ከታችም አመድማ ነው፤ ለስላሳ፣ ጨርቅ የሚመስል። ሌላኛው ከላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ። ቆጠርን። ከ130ው 41ዱ የጥብስ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ከወሬው መሐል የሰሙት ይህንን ብቻ ነው፤ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ።

«ይሄኛውስ ያበላል! በሬው ከእኛ፣ ቅጠሉ ከአንተ።»

ለሁለቱም የሚስማማው መሬት አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉንም ተከልናቸው፤ በመደቡ አናት ላይ፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ፣ አንገታቸውን ሳንቀብር። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣውን አበባ እየቆረጥኩ መጣል እንዳለብኝ፣ ጉልበቱ ወደ ሥሩ እንዲሄድ መሆኑን ሳስረዳ ጋሼ አቋረጡኝ። «ድንጋይ ዘራህ፣ ፍግ አነሣህ፣ አበባውን ደግሞ ልትቆርጥ ነው» አሉ። ፍግ ያሉት ቆይቶ ነው የገባኝ። አውቀው ኖሯል።

ችግኞቹን ውኃ እያጠጣሁ ሳለ ጋሼ ከጎን ያለውን ማሳ ያርሳሉ፤ ለሽምብራ ነው፣ ዋልካው የያዘውን ውኃ የሚበላበት ጊዜ። ማረሻው «ቅርጥጥ» አለ። በሬዎቹን አቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ አንድ ድንጋይ አወጡ። ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። እንደ ልማዳቸው ወደ ክምሩ ሊወረውሩ እጃቸውን አነሡና ቆሙ። ወደ እኔ አዩ።

«እንካ» አሉ፣ «ማዳበሪያ።»

ድንጋዩ ሦስተኛው መደብ ላይ፣ ከአንዲት የጥብስ ቅጠል አጠገብ አረፈ። ትንሽ ቆይተው ሌላ ወረወሩ። ደግሞ ሌላ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ደረሱ። የመጨረሻው ትልቅ ስለነበር ሁለት ብዬ ቆጠርኩት።